አሰፋሽና የሰኞ ፓምፖች

አርባ ምንጭ ገብታችሁ «አሰፋሽ» ብላችሁ ብትጠይቁ ሦስት አራት አሰፋሽ ይጠቁሟችኋል። «የመብራት ቤቷ አሰፋሽ» ካላችሁ ግን ከሲቀላ እስከ ሴቻ የማያውቃት የለም። አርባ አራት ዓመቷ ነው። ቀጭን ናት፣ ረጅም ናት፣ ድምፅዋ ደግሞ ከሰውነቷ ይበልጣል። የገረሴ ደጋ አፈራት፣ የከተማው ቴክኒክ ትምህርት ቤት አስተማራት፣ ከዚያ ወዲህ ይኸው ፖል ስትወጣና ስትወርድ ኖራለች። መጀመሪያ ሰሞን ሰው ሥራውን ጥሎ ቆሞ ያያት ነበር። «ኧረ ይቺ ልጅ ልትወድቅ ነው! ኧረ በማርያም!» እያሉ ሲያንጋጥጡ አንገታቸውን ያመማቸው እነሱ እንጂ እሷስ አንድም ቀን አልወደቀችም። ዛሬ ማንም አያንጋጥጥም። መብራት ሲጠፋ «አሰፋሽ መጣች?» ነው የሚሉት፤ እኔ በበኩሌ ከዚህ የበለጠ ሹመት አላውቅም።

ግን የማወራችሁ ስለ ፖል አወጣጧ አይደለም። ፖልማ ዝንጀሮም ይወጣል። የማወራችሁ አሥራ ስምንት ፓምፖች ሊያስቀሩት የነበረውን የአንድ ደጋ መንደር መብራት እንዴት አድርጋ እንዳስመለሰች ነው።

መጀመሪያ አመሏን ልንገራችሁ። አሰፋሽ የመስመር ሠራተኛ ከመሆኗ በፊት አራት ዓመት ቆጣሪ አንባቢ ነበረች። በየግቢው እየገባች፣ ከውሻ ጋር እየተሟገተች፣ ቆጣሪ ላይ ያየችውን ቁጥር ስትጽፍ ትውል ነበር። ከዚያ ሥራ ስትወጣ አመሉ አብሯት ወጣ። የቀየረችው ፊውዝ፣ የለካችው መስመር፣ የጠገነችው ገመድ ሁሉ ከነቀኑና ከነሰዓቱ ደብተር ላይ ካልሰፈረ ምሳ አይበላላትም። መኪናውን የሚነዳውና መሰላሉን የሚሸከመው የሥራ ጓደኛዋ ደበሌ ደግሞ ይህ ነገር ያበግነዋል።

«አንቺ ሴትዮ፣ ስትሞቺ እኮ ይሄ ደብተር ነው አብሮሽ የሚቀበረው» ይላታል።

«ማን ሊቀብረኝ? አንተ? እንኳን ሰው መቅበር መሰላል በወጉ ማቆም መች ቻልክና!»

እንዲህ ሲነታረኩ ይውላሉ። አንዱ ከቀረ ግን ሌላው ሥራ አይገባለትም።

እንግዲህ ነገሩ እንዲህ ነው። ሰው መብራት ከግድግዳ የሚወጣ ይመስለዋል። ከግድግዳ አይወጣም። ሩቅ ካለ ግድብ ተነሥቶ፣ በትላልቅ የብረት ማማዎች ተራራ ተሻግሮ፣ ከተማው ዳር ካለው ማከፋፈያ ጣቢያ ይደርሳል። ከዚያ በቀጭኑ መስመር ወደየቀበሌው ይበተናል። የሚመጣው ኃይል ግን እንዳለ ቤት ቢገባ ቤቱን ነው የሚያነደው። ስለዚህ ፖል ላይ የሚሰቀለው ያ ድብልብል የብረት ሳጥን፣ ትራንስፎርመሩ፣ ተቀብሎ ያበርደዋል፤ ለአምፖልም ለሞተርም የሚበቃውን መጥኖ ያወርዳል። ትራንስፎርመር ልክ እንደ በሬ ነው፤ የሚችለውን ያህል ከጫኑት ዕድሜ ልኩን ያገለግላል፣ ከአቅሙ በላይ ከጫኑት ይሞታል። በሬ ግን ሳይሞት በፊት ይለግማል። ትራንስፎርመር መለገም አያውቅም።

ከጫኖ ዝቅ ብሎ፣ ወደ አባያ በሚወርደው ኮረኮንች ዳር፣ አንድ የሙዝ ሰፈር አለ። አሥራ ስምንት ገበሬዎች፣ አሥራ ስምንት ጉድጓድ፣ አሥራ ስምንት የኤሌክትሪክ ፓምፕ። እዚያ ሰፈር በአምስት ወር ውስጥ ሁለት ትራንስፎርመር ተቃጠለ። ሁለት! በዚያ ሙቀት ላይ ውሃ የቀረበት ሙዝ ደግሞ ቅጠሉን እንደ ተበደለ ሰው ነው የሚጥለው። ሁለተኛው በተቃጠለ በሦስተኛው ቀን ገበሬዎቹ በአንድ አይሱዙ ተጭነው ከተማው መብራት ቤት ግቢ ገቡ። ፊት ፊት የሚሄደው ክብሩ የሚባል የሠላሳ አምስት ዓመት ጎልማሳ ነበር፤ ከሁሉም ሰፊ ማሳ ያለው፣ ከሁሉም ፈጣን አፍ ያለው።

«መጋዘን ውስጥ አዲስ ባለ ሁለት መቶ ትራንስፎርመር አለ አሉ» አለ ክብሩ። «እስከ ዛሬ የሰጣችሁን ባለ መቶ ነው፤ አነሰን። ትልቁን ስጡን!»

እውነት ነው፣ መጋዘን ውስጥ አንድ ባለ ሁለት መቶ ነበር። ግን ባለቤት አለው። ገረሴ አጠገብ ያለ አንድ መንደር ፖል ከተተከለለት ሦስት ዓመቱ፣ ሽቦ ከተዘረጋለት ሁለት ዓመቱ ነው፤ የጎደለው ትራንስፎርመር ብቻ ነበር። የመንደሩ ሴቶች ተደራጅተው የኤሌክትሪክ ወፍጮ አስተክለዋል፤ ወፍጮው በላስቲክ እንደተሸፈነ ተቀምጧል። እስከዚያው ግን እህላቸውን አዝለው፣ ቁልቁለት ወርደው፣ በናፍጣ ወደሚሠራው ወፍጮ ይሄዳሉ፤ መሄጃው ሦስት ሰዓት፣ ወረፋው እንደ ቀኑ፣ መመለሻው ዳገት ነው። ከእነዚህ ሴቶች አንዷ ወይዘሮ ብርቅዬ ናቸው። ወይዘሮ ብርቅዬ የአሰፋሽ እናት ናቸው። ስድሳ ስምንት ዓመታቸው ነው፣ ዛሬም ያዝላሉ።

የሥርጭት ኃላፊው አቶ ሰይፈሥላሴ ጎንደር ተወልደው አርባ ምንጭ የሸበቱ፣ ቁጡ ያልሆኑ ሰው ናቸው። ገበሬዎቹን በትሕትና ሸኝተው ሲያበቁ አሰፋሽን አስጠሯት።

«ምን ላድርግ?» አሏት። «ገረሴ ሦስት ዓመት ጠብቋል፣ ትንሽ ቢጨምር አይሞትም። ሙዙ ግን ሁለት ሳምንት አይጠብቅም። ሁለት መቶውን ለጫኖዎቹ ልስጥና ይገላገሉ።»

አሰፋሽ ደሟ ፈላ። ግን ፈላ ብላ አልጮኸችም፤ ደብተሯን አወጣች።

«ሁለት መቶውን ቢሰጧቸውም ያቃጥሉታል።»

«እንዴት አወቅሽ?»

«ይዩት። የመጀመሪያው የተቃጠለው ሰኞ ነው። ሁለተኛውም ሰኞ። በመሐል ፊውዝ የቀየርኩባቸውን ቀኖች ይቁጠሩልኝ፤ ሰኞ፣ ሐሙስ፣ ሐሙስ፣ ሰኞ፣ ሰኞ፣ ሐሙስ። ማክሰኞ አንድም የለ። ረቡዕ አንድም የለ። ሌላውን ቀንማ ያ ትራንስፎርመር ግማሽ አቅሙን እንኳ አይሠራም ነበር፤ ለክቼዋለሁ። ትንሽ ሆኖ አይደለም የተቃጠለው፤ ሁሉም ባንድ ጊዜ ስለሚጋልቡት ነው። አሥራ ስምንቱም ባንድ ጊዜ ከተነሡ ሁለት መቶውንም ይገድሉታል።»

«ሰኞና ሐሙስ ምን አለ?»

«እሱን አላውቅም።»

አቶ ሰይፈሥላሴ መነጽራቸውን አውልቀው አዩዋት። «አሰፋሽ፣ እናትሽ እዚያ መንደር አይደሉም እንዴ?»

«ናቸው። አልዋሽዎትም፣ ስለ እናቴም ነው። ደብተሩ ግን እናት የለውም።»

ሰውዬው ሳይወዱ ሳቁ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ አሰፋሽ ሞኝ ባትሆንም ወረቀቱን ይዛለች። በመጨረሻ እንዲህ ብለው ቆረጡላት፦ «መጠገኛ ቤት የታደሰ ባለ መቶ አለ። እሱን ውሰጂ። ሦስት ሳምንት ሰጥቼሻለሁ። ከያዘ፣ አዲሱ ገረሴ ይወጣል። ከተቃጠለ ግን አዲሱ ወደ ጫኖ ይወርዳል፤ ለእናትሽም አንቺው ራስሽ ትነግሪያቸዋለሽ።»

ከቢሮው እንደ ወጣች ደብተሯን ገልጣ «ሦስት ሳምንት» ብላ ከነቀኑ ጻፈች።

በማግሥቱ ከደበሌ ጋር ወደ ሙዙ ሰፈር ወረደች። ማሳ ለማሳ ዞረች። ጥያቄዋ አንድ ብቻ ነበር፦ «ለምን ሰኞና ሐሙስ?» መልሱ ግን ጉድ ነው።

«እንዲያው ለምዶብን ነው» አለ አንዱ።

«ሰኞ ጥሩ ቀን ነው» አለ ሌላው፣ መሬት መሬት እያየ።

«እኔ? እኔ ሰኞ አላጠጣም!» አለ ሦስተኛው፤ ቦዩ ውስጥ የሰኞው ጭቃ ገና አልደረቀም።

ክብሩማ ጭራሽ ተቆጣ። «እትዬ አሰፋሽ፣ መብራት ነው የምትሸጡልን ወይስ ቀን? ካርዴን ሞልቻለሁ፤ በፈለግሁት ቀን አስነሣዋለሁ!»

«ካርድህን ሞልተሃል፤ ትራንስፎርመሩን ግን አንተ ብቻ አልገዛኸውም» ብላው ሄደች። ደበሌ ከኋላ ከኋላ እየተከተለ፣ «ይሄ ሰፈር የሆነ ነገር ይደብቃል። ሌብነት ነው እንዳልል ሁሉም ደብቋል፤ አሥራ ስምንት ሌባ ደግሞ አንድ ሰፈር አይኖርም» አለ።

መጨረሻ ላይ የደረሱት አባባ ኦይታ ዘንድ ነበር። አባባ ኦይታ ሰማንያን የተሻገሩ ሽማግሌ ናቸው። ፓምፕ ሳይመጣ በፊት፣ ሰፈሩ በሙሉ ከወንዙ በተጠለፈ አንድ ቦይ በሚያጠጣበት ዘመን፣ የውሃውን ተራ የሚዳኙት እሳቸው ነበሩ። ማን በየትኛው ቀን ቦዩን እንደሚከፍት፣ ማን እንደሚዘጋ፣ ተራ የሰረቀ ምን እንደሚቀጣ ሁሉ በቃላቸው ነው። ፓምፕ ሲመጣ ጎልማሶቹ «ተራ ለቦይ ነው፤ ሞተር ምን ተራ ያስፈልገዋል?» ብለው ሳቁባቸው። በኋላ ለእሳቸውም ልጃቸው ፓምፕ ገዛላቸው።

አሰፋሽ ማንጎው ሥር ተቀምጣ ደብተሯን ከፍታ ቀኖቹን አነበበችላቸው። አባባ ኦይታ እስክትጨርስ ሰሙና በድድ ፈገግ አሉ።

«ልጄ፣ ነጋዴው መኪና ይዞ መቼ ነው የሚመጣው?»

«ማክሰኞና ዓርብ።»

«ሙዙን በምን ነው የሚገዛው?»

«በሚዛን...» አለችና አሰፋሽ አፏን ያዘች።

በዋዜማው ውሃ የጠጣ ሙዝ በማግሥቱ ሚዛን ላይ ይከብዳል! ይህቺ ነበረች ነገሯ። ይባስ ብሎ ደግሞ አሥራ ስምንቱም ገበሬ ይህን ብልሃት እሱ ብቻ የሚያውቀው ይመስለዋል። ለጎረቤቱ አይነግርም፤ ከነገረ ነጋዴው ይነቃል። ጎረቤቱም ለእሱ አይነግርም። ጎረቤቱ ሰኞ ፓምፕ ሲያስነሣ እየሰማ እንኳ «የአጋጣሚ ነው» ይላል። ሁሉም በየማሳው ብልጥ ሆኖ፣ ሁሉም ባንድ ሰዓት ማብሪያውን ጫን!

«እርስዎ ታዲያ እንዴት አወቁ?» አለቻቸው።

«እኔም ሰኞ ነዋ የማጠጣው» አሉ አባባ ኦይታ፣ ምንም ሳያፍሩ።

ደበሌ በሳቅ መሬት ላይ ተንከባለለ። አሰፋሽ ግን አልሳቀችም። የእያንዳንዱን ምሥጢር እሷ ብታወጣው ገበሬው ያፍራል፤ ያፈረ ሰው ደግሞ ይክዳል፤ የካደ ሰው ፓምፕህን በተራ አስነሣ ቢሉት እሺ አይልም። ሦስት ሳምንቱ እየሮጠ ነው። አባባ ኦይታ ጭንቀቷን አይተው፣ «እሑድ ዱቡሻ እንቀመጥ» አሏት።

ዱቡሻ የጋሞ ሸንጎ ነው። ትልቅ ዛፍ ጥላ ሥር፣ ድንጋይ ድንጋዩ ላይ ተቀምጠው ነገር የሚጨርሱበት ሜዳ ነው። እዚያ ቦታ ላይ አይዋሽም። ዱቡሻ ላይ መዋሸት ጎሜ ነው፤ ጎሜ ማለት ደግሞ ሰው ባያይህ እንኳ ነገሩ ራሱ ተከትሎህ ቤትህ የሚገባ ነውር ነው። ከመካከላቸው ግማሹ ከቅዳሴ፣ ግማሹ ከጸሎት ቤት ነው የመጣው፤ ዱቡሻ ላይ ለመዋሸት ወኔ ያለው ግን ከሁለቱም ወገን አንድ አልነበረም።

አሰፋሽ ስትመጣ አንድ ሰውዬ «ሴት እዚህ ምን ትሠራለች?» ብሎ አጉረመረመ።

«መብራት ሲጠፋ ማንን ነው የምትጠራው?» አሉት አባባ ኦይታ። ሰውዬው ጠጋ ብሎ ቦታ ለቀቀላት። እሷም ተቀመጠች።

ሽማግሌው ርጥብ ሣር ይዘው ተነሡ፤ ርጥብ ሣር በእጅ ከተያዘ ጠብ የለም፣ ቁጣ የለም ማለት ነው። መሐል ላይ አኖሩትና በጋሞኛ እንዲህ አሉ፦ «እኔ ኦይታ ሰኞና ሐሙስ የማጠጣው ሙዜ ሚዛን ላይ እንዲከብድልኝ ነው። ይህን ከእኔ በቀር የሚያውቅ ያለ አይመስለኝም ነበር። ሌላ የሚናገር ካለ ይናገር።»

ያኔ ሸንጎውን ባያችሁት! ብልጥ ለብልጥ ዐይን ብልጥጥ ይሉት ነገር እንደዚያ ቀን ተፈጽሞ አያውቅም። አንዱ አንዱን ያያል፣ ያኛው ደግሞ ወዲያ ማዶ ያለውን ያያል። ከዚያ ክብሩ ቀስ ብሎ ብድግ አለ። ያ ሁሉ አፍ የት እንደ ገባ እንጃ።

«እኔም» አለ። «እኔም ለሚዛኑ ነው።»

«እኔም!» አለ ሌላው። «እኔም!» ሦስተኛው። እስከ አሥራ ስምንት ደረሰ። አሥራ ስምንተኛው «እኔም» ሲል ሜዳው በሳቅ ተናጋ። ሆዳቸውን ይዘው፣ እንባቸውን እየጠረጉ፣ አንዱ የሌላውን ጀርባ እየደበደበ ሳቁ።

ሳቁ በረድ ሲል ክብሩ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ጨመረ፦ «ሌላም አለ። ፊውዙ ሲያስቸግረን ጊዜ አውልቄ ወፍራም ሽቦ ያሰርኩበት እኔ ነኝ።»

አሰፋሽ ከመቀመጫዋ ተነሣች። «አንተ ሰው! ፊውዝ እኮ ትራንስፎርመሩ እንዳይሞት እሱ ቀድሞ የሚሞት ነው። አንተ በሽቦ ስታስረው ጠባቂውን ገድለህ ቤቱን ክፍት ተውከው። አንተስ እዚያው ደርቀህ ብትቀርስ? እናትህን ማን ያጽናናል?» የተቆጣችው ለትራንስፎርመሩ ብቻ እንዳልሆነ ሁሉም ገባቸው፤ ክብሩም አንገቱን ደፍቶ «ይቅርታ፣ እትዬ» አለ።

ከዚያ ደብተሯን ገልጣ አስረዳቻቸው። ስድስት ፓምፕ ባንድ ቀን ቢነሣ ባለ መቶው ያለ ችግር ይሸከማል። ሦስት ቡድን፣ ስድስት ስድስት፤ አንዱ ሰኞና ሐሙስ፣ አንዱ ማክሰኞና ዓርብ፣ አንዱ ረቡዕና ቅዳሜ። ስድስቱም ቢሆኑ ባንድ ላይ ሳይሆን አንዱ ከተነሣ በኋላ ትንሽ ቆይቶ ሌላው። ይሄን ስትል ጫጫታ ተነሣ፤ ሰኞን ማን ይውሰድ? ሁሉም ሰኞን ፈለገ። እዚህ ላይ የአሰፋሽ ቁጥር አለቀ። አባባ ኦይታ ግን ገና መጀመራቸው ነበር።

«የቦዩም ነገር እንዲሁ ነበር» አሉ። «ጥሩ ቀን የማንም ርስት አይደለም። በየሳምንቱ ይዞራል። የዚህ ሳምንት የሰኞ ቡድን በሚመጣው ሳምንት ወደ ማክሰኞ ይሄዳል፣ ከዚያ ወደ ረቡዕ፤ ከዚያ ተመልሶ ሰኞን ያገኛል። ተራ የሰረቀ ዱቡሻ ላይ ይቆማል፣ ለሰፈሩ በግ ያርዳል።»

«ግን አባባ» አለ ክብሩ፣ ልቡ አልቆርጥ ብሎት፣ «እውነት ውሃ ሲጠጣ ይከብዳል?»

«ሚዛኑ የማን ነው?»

«የነጋዴው።»

«እንግዲያው ወንዙን በሙሉ ብታጠጣው አይከብድም» አሉ ሽማግሌው፣ ሸንጎውም እየሳቀ ተበተነ።

የታደሰው ትራንስፎርመር ሰኞ ማለዳ ተሰቀለ። አሰፋሽ እውነተኛውን ፊውዝ በእጇ ገጠመች። ስድስት ፓምፖች ተራ በተራ ተነሡ። መለኪያውን መስመሩ ላይ አድርጋ አነበበች፤ ሊሸከም ከሚችለው መቶ እጅ ሰማንያ ሁለት። ደበሌ «ያዘ!» ብሎ ጮኸ። «ገና ነው» አለችው፤ ቁጥሩን ግን በትልልቁ ነው የጻፈችው።

ሁለተኛው ሳምንት ግን ፈተና ነበር። ዝናቡ ጠፋ፣ ሙቀቱ አናት ይበሳል። ሰኞ ረፋድ ላይ አሰፋሽ ፖሉ ሥር ቆማ ስታነብ ቁጥሩ ሰማንያ ሁለት ላይ ነበር። ዐይኗ እያየ ዘጠና አራት ገባ። ሰባተኛ ፓምፕ ተነሥቷል! የእናቷ ጀርባ ታያት፣ ከረጢቱ፣ ዳገቱ። «ክብሩ ነው!» አለችና በማሳው መሐል ቀሚስ ሳይሆን ሱሪ በመልበሷ አምላኳን እያመሰገነች ሮጠች።

ክብሩን ያገኘችው ፓምፑ አጠገብ ቆሞ ነው። ፓምፑ ዝም ብሏል። ቅጠሉ የጠወለገ ሙዙን እያየ ሁለት እጁን ኪሱ ውስጥ ከትቷል፤ እንዳይሳሳት ብሎ በገዛ እጁ ላይ የፈረደ ይመስላል።

«እኔ አይደለሁም» አላት። «የኔ ተራ ረቡዕ ነው። ግን ይሄ ድምፅ... ይሄማ የአባባ ኦይታ ሞተር ነው!»

ሄደው ሲያዩ እውነትም ነው። ዳኛው ራሳቸው! አባባ ኦይታ በባዶ እግራቸው ቦይ ውስጥ ቆመው እየዘፈኑ ያጠጣሉ። ሳምንቱ መዞሩን ረስተውታል። ሲነገራቸው ማብሪያውን እየዘጉ ፊታቸው አመድ መሰለ፤ ቀጥሎ ደግሞ ከማንም በላይ የሳቁት እሳቸው ሆኑ። ቁጥሩ ወደ ሰማንያ ሁለት ተመለሰ። ትራንስፎርመሩ አልተነካም፣ ፊውዙም አልሞተም። እሑድ ዱቡሻ ላይ ሽማግሌው ቆሙ፣ በጉን አረዱ። ክብሩ ጥብስ እየጎረሰ፣ «አባባ፣ በሚመጣው ሳምንትም ይርሱ እንጂ!» አላቸው። ዳኛው ከተቀጣ ወዲህ ተራ የነካ ሰው የለም። ማን ይደፍራል?

በሦስተኛው ሳምንት ሰኞ አቶ ሰይፈሥላሴ ራሳቸው መጡ። ፖሉ ሥር ቆመው መለኪያውን በገዛ እጃቸው ይዘው አነበቡ። ሰማንያ አንድ። ደግመው አነበቡ። ከዚያ በዙሪያው የሚፈሰውን ውሃ፣ ቅጠሉን ቀና ያደረገውን ሙዝ ተመለከቱ።

«አሰፋሽ» አሉ፣ «ሠላሳ ዓመት ኃይል ሳከፋፍል ተራ የሚባል ዕቃ መጋዘን ውስጥ እንዳለን አላውቅም ነበር።» ወረቀቱን እዚያው የመኪናው ኮፈን ላይ አድርገው ፈረሙ። አዲሱ ባለ ሁለት መቶ ወደ ገረሴ ይውጣ! ደበሌ እልል አለ፤ ወንድ ልጅ እልል ሲል ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? አያምርም፤ ግን ከልቡ ነበር።

ገረሴ የወጡት ቅዳሜ ጧት ነው። ጉሙ ገና ከእንሰቱ ላይ አልተነሣም። ትራንስፎርመሩን ከጫነው መኪና ኋላ ሌላ መኪና ተከትሏል፤ ክብሩና አባባ ኦይታ ሙዝ ጭነው «የመንደሩን ደስታ እናያለን» ብለው መጥተዋል። ሽማግሌው የደጋው ብርድ ሲያንቀጠቅጣቸው በሁለት ጋቢ ተጠቅልለው፣ «እዚህ ሰው ይኖራል?» ይላሉ። መንደሩ በሙሉ ወጥቷል። አሰፋሽ ፖሉን ወጣች፣ ማሰሪያዎቹን አጠበቀች፣ ወረደች፤ ረጅሙን ዱላ አንሥታ ፊውዙን ወደ ላይ ገፍታ ገጠመችው። ጧ! አለና፣ ትራንስፎርመሩ እንደ ንብ ቀፎ ማንጎራጎር ጀመረ።

ያን ጊዜ ማንም አምፖል አላየም፤ ፀሐይ ወጥታለች፣ ጠራራ ላይ አምፖል ማን ያያል? የሰሙት ወፍጮውን ነው። ላስቲኩ ተገፎ፣ ማብሪያው ተጭኖ፣ ወፍጮው ሲያጓራ ሴቶቹ እልልታውን አቀለጡት። ያ ሁሉ እልልታ ተራራውን አልፎ የሄደ መሰለኝ። አሰፋሽ ዱላውን እንደያዘች አለቀሰች። አላፈረችም፤ ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም።

ወረፋው ላይ አንደኛ የቆሙት ወይዘሮ ብርቅዬ ነበሩ። ያንን ቦታ ሲይዙ ማንም አልተከራከራቸውም። ግማሽ ከረጢት ገብሳቸው ገባ፤ ነጭ ሆኖ፣ ሞቅ ብሎ ወጣ። እጃቸውን ዱቄቱ ውስጥ ከተው አሹት፣ አሸተቱት። ከዚያ ቀና ብለው ፀሐይዋን ፈለጉ።

«ስንት ሰዓት ሆነ?» አሉ።

«አራት ሰዓት ገና አልሞላም፣ እማዬ» አለች አሰፋሽ።

ሴትዮዋ ግራ ገባቸው። የእህል ማስፈጫ ቀን ማለት ለእሳቸው ዶሮ ሲጮህ ተነሥቶ ጀምበር ስትጠልቅ የሚያልቅ ቀን ነው፤ አርባ ምናምን ዓመት እንዲያ ነበር። ዱቄታቸውን አዩ፣ ቤታቸውን አዩ፤ ቤቱ እዚያው ፊት ለፊት ነው። ልጃቸውን አዩ።

«ታዲያ» አሉ፣ «የቀረውን ቀን ምን ልሥራበት?»

አሰፋሽን መሳቅም ማልቀስም ባንድ ጊዜ መጣባት። የሥራ ጃኬቷን አውልቃ ከዱቄቱ አጠገብ አነጠፈችላቸው። «ተቀመጪ» አለቻቸው።

ወይዘሮ ብርቅዬም በሥራ ቀን፣ በጠራራ ፀሐይ፣ አገር እያያቸው፣ ከዱቄታቸው አጠገብ ቁጭ አሉ።